የሕክምና ቪዲዮን ማመቅ፦ ቦታ ሲቆጠብ ምልክቱ እንዳይጠፋ

መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የሚሠራ ባልደረባ፣ የአንድ የስምንት ወር ሕፃን አተነፋፈስ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ ቀርጾ ላከልኝ። ጥያቄው «ሕፃኑ ወደ ከሚሴ ይላክ ወይስ እዚሁ መድኃኒት ይጀመርለት?» የሚል ነበር። የደረሰኝ ቪዲዮ ግን 15 ሴኮንድ ብቻ የሚቆይ፣ ድምፅ የሌለውና የሕፃኑ ደረት በጭጋግ ውስጥ ያለ እስኪመስል የደበዘዘ ስለነበር፣ ትንፋሹን መቁጠርም ሆነ የደረቱን መሰርጎድ መለየት አልተቻለም። ስደውልለት፣ ለኢንተርኔት እንዲቀል ብሎ ቪዲዮውን እንዳሳጠረውና ድምፁን እንዳጠፋው ነገረኝ። ቀሪውን የቀነሰው የመልእክት መላኪያው ፕሮግራም ራሱ ነበር።

ደግነቱ ባልደረባችን የመጀመሪያውን ቅጂ ከስልኩ አልሰረዘውም። ያንኑ ሳይነካ በፋይል መልክ ሲልከው በአንድ ደቂቃ 58 ትንፋሽ ተቆጠረ። ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ጸጥ ብሎ ሳለ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ፣ ማለትም ስትራይደር፣ ጎልቶ ተሰማ። ጸጥ ባለ ሕፃን ላይ የሚሰማ ስትራይደር ሕፃኑ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት የሚያመለክት በመሆኑ ጥያቄው በዚያው ተመለሰ፤ ሕፃኑም ያኔውኑ ተላከ።

ከዚህ ገጠመኝ የምንረዳው የቪዲዮን መጠን መቀነስ ስሕተት መሆኑን አይደለም። መቀነስ ግድ ነው። ስሕተቱ ምን እንደሚቀነስና ምን እንደማይነካ ሳያውቁ መቀነሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቪዲዮ እመቃ እንዴት እንደሚሠራ፣ «ጥራት ሳይቀንስ» የሚለው አነጋገር በሕክምና ሥራ ምን ትርጉም እንዳለውና በጤና ተቋም ደረጃ ሊሠራበት የሚገባው አሠራር ምን እንደሆነ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሰንበቴ በዚሁ ጎዳና በስተደቡብ ስትሆን፣ ባቲ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በመሆኗ ከባቲ በአስፋልት ወደ ከሚሴ የሚመጣ ሰው በኮምቦልቻ መዞር አለበት። ከፍ ያለ ምርመራ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ደግሞ ወደ ደሴ ይላካል። በመሆኑም አንድን ሕመምተኛ «ሂድ» ማለት ለቤተሰቡ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ወጪ ነው፤ «ቆይ» ማለት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ነው። በስልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይህን ውሳኔ ሊያግዝ የሚችለው ግን የሚታየው ነገር በትክክል ሲታይ ብቻ ነው።

ርቀትን በምስል የማገናኘት ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የሕንድና የአፍሪካ የሳተላይት መረብ የሙከራ ሥራ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሀይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። ያን ጊዜ ልዩ መሣሪያ ይጠይቅ የነበረው ነገር ዛሬ በእያንዳንዱ ነርስና አዋላጅ ኪስ ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው ሲስፋፋ ግን ስለ አጠቃቀሙ የሚሰጠው ትምህርት እኩል አልተስፋፋም።

የቪዲዮ ፋይል ለምን ይገዝፋል?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶግራፎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፍሬም ይባላል። እያንዳንዱ ፍሬም ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ለመመዝገብ በተለመደው አሠራር 3 ባይት ያስፈልጋል። በዛሬ ስልኮች የተለመደው ሙሉ ኤችዲ ምስል ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ነው። ይህም በአንድ ፍሬም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ማለት ነው። በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚነሣ ከሆነ፣ ምንም ሳይታመቅ በሴኮንድ 186 ሜጋባይት ገደማ፣ በደቂቃ ደግሞ 11 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ስልክ ይሞላል ማለት ነው።

ስልኮቻችን እንዲህ የማይሞሉት ቪዲዮው ገና ሲቀረጽ ስለሚታመቅ ነው። ለምሳሌ በአይፎን ስልክ ይኸው ዓይነት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ኤች 264 በሚባለው አሠራር 130 ሜጋባይት ያህል፣ ኤች 265 በሚባለው ደግሞ 60 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ «ያልታመቀ ቪዲዮ በስልኬ አለ» ማለት አይቻልም። በእጃችን ያለው የመጀመሪያ ቅጂ ራሱ አንድ ጊዜ የታመቀ ነው።

እመቃ እንዴት ይሠራል?

በእንግሊዝኛው ኮምፕረሽን የሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ እመቃ ያልነው ሥራ በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይከናወናል።

የመጀመሪያው በአንድ ፍሬም ውስጥ ያለውን ድግግሞሽ ማስወገድ ነው። ነጭ ግድግዳ በሚታይበት ምስል እያንዳንዱን ነጭ ነጥብ ለየብቻ መመዝገብ አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነውን የሒሳብ ስልት ናስር አህመድና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል። ስልቱ ምስሉን ትንንሽ አራት ማዕዘን አድርጎ በመክፈል ጎልቶ የሚታየውን ለውጥ ከረቂቁ ለውጥ ይለያል። ዓይናችን ብዙም የማያስተውለው ረቂቁ ክፍል ተጠጋግቶ ይመዘገባል ወይም ይጣላል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ዓይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ስለሚለይ፣ በተለመዱት የቪዲዮ ዓይነቶች የቀለም መረጃ ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል።

ሁለተኛው በተከታታይ ፍሬሞች መካከል ያለውን ድግግሞሽ ማስወገድ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ደረቱ ብቻ ሲንቀሳቀስ አልጋውና ግድግዳው አይለወጡም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ይመዘግብና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። በጤና ካርድ ላይ «ከትናንቱ ለውጥ የለም» ብለን እንደምንጽፈው ያለ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ምክር አለ። ስልኩን በጠረጴዛ ወይም በትራስ ላይ አስደግፎ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ የተቀረጸ ቪዲዮ በተመሳሳይ የፋይል መጠን ይበልጥ የጠራ ይሆናል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ነገር ስለሚለወጥ ለሕፃኑ ደረት ሊውል የሚገባው ቦታ ለግድግዳው ይባክናል። በጨለማ የተቀረጸም እንዲሁ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦችን ለመመዝገብ ቦታ ይፈጃል።

ስለ ፎርማቶች

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው የፋይሉን መያዣ ከእመቃው ዓይነት ጋር በማደባለቅ ነው። ኤምፒ 4፣ ኤቪአይ ወይም ኤምኬቪ የሚሉት የመያዣ ስሞች ናቸው፤ እንደ መድኃኒት ጠርሙስ ሊታዩ ይችላሉ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ደግሞ ኮዴክ የሚባለው የእመቃ ዓይነት ነው። የጠርሙሱን ስም መቀየር መድኃኒቱን አይቀይረውም።

ከኮዴኮቹ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው። ኤምፔግ 2 እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣና ዲቪዲ የሚሠራበት ነው። ኤች 264 በ2003 የወጣ ሲሆን ዛሬም በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ማለት ይቻላል ይከፈታል። ኤች 265 በ2013 የወጣ ሲሆን ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል መጠን ይይዛል፤ ነገር ግን በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ላይከፈት ወይም እየተቆራረጠ ሊታይ ይችላል። ኤቪ 1 በ2018 የወጣና ያለ ክፍያ ሊሠራበት የሚችል ነው፤ እመቃው ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ይጠይቃል።

ለጤና ተቋሞቻችን ምርጫው ግልጽ ነው። ቪዲዮው ወደ ሌላ ተቋም የሚላክ ከሆነና ተቀባዩ በምን መሣሪያ እንደሚያየው ካልታወቀ በኤምፒ 4 መያዣ ውስጥ ያለ ኤች 264 ይመረጣል። ሐኪሙ ሊከፍተው ያልቻለው ፋይል የቱንም ያህል ትንሽና ጥሩ ቢሆን ጥቅም የለውም።

«ጥራት ሳይቀንስ» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ አነጋገር ሦስት የተለያዩ ትርጉሞች አሉት።

አንደኛ፦ ምንም ነገር የማይጣልበት እመቃ። ፋይሉ ሲፈታ እያንዳንዱ ነጥብ እንደነበረ ይመለሳል። ኤፍኤፍቪ 1 የሚባለው ኮዴክ የዚህ ዓይነት ነው። የሚያተርፈው ቦታ ግን ውሱን ነው፤ ከስልክ የተቀዳ ቪዲዮ ወደዚህ ቢቀየር እንዲያውም ብዙ እጥፍ ይገዝፋል።

ሁለተኛ፦ የሚጣል ነገር ቢኖርም በተራ ዕይታ ልዩነቱ የማይታወቅበት እመቃ። በዕለት ተዕለት አነጋገር «ጥራቱ አልቀነሰም» የሚባለው ይኸኛው ነው።

ሦስተኛ፦ ለውጡ ቢታይም እንኳ የሕክምና ውሳኔውን የማይቀይር እመቃ። ለእኛ ዋናው መመዘኛ ይህ ሦስተኛው ነው። ምስሉ ያማረ መሆን የለበትም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን መመለስ አለበት። አምሮ ሳለ የሕመሙ ምልክት የጠፋበት ቪዲዮም አለ።

በየምልክቱ ምን አይነካ?

ከዚህ በመነሣት፣ ቪዲዮውን ከመቀነሳችን በፊት «ከዚህ ቪዲዮ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

1. አተነፋፈስ ለመቁጠር፦ ርዝመቱ አይነካ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን ነው የሚባለው በሙሉ አንድ ደቂቃ ሲቆጠር ነው። ሕፃናት እኩል ስለማይተነፍሱ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል።

2. ስትራይደር፣ ሳልና የደረት ድምፅ፦ ድምፁ አይጥፋ። በመደበኛ ጥራት የታመቀ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም። ይህን ለመቆጠብ ድምፁን ማጥፋት ከመቶ ብር አንድ ብር ለማዳን ዋናውን ሰነድ እንደ መጣል ነው።

3. የልብ አልትራሳውንድ፦ በሴኮንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት አይቀነስ። ልቡ በደቂቃ 150 ጊዜ በሚመታ ሕፃን ወይም ጽንስ አንዱ የልብ ምት 0.4 ሴኮንድ ይፈጃል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲሆን አንዱ ምት በ12 ፎቶግራፍ ይታያል፤ ወደ 15 ሲቀነስ 6፣ ወደ 10 ሲቀነስ 4 ብቻ ይቀራል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በአራት ፎቶግራፍ ማወቅ አይቻልም።

4. የሰውነት መንቀጥቀጥ፦ ሙሉ አካሉ ይታይ፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይቀረጽ። ሬዞሉሽኑ በመጠኑ ቢቀነስ ብዙም አይጎዳም።

5. መገርጣት፣ የዓይን ቢጫነትና የቆዳ ሽፍታ፦ የቀለም መረጃ በእመቃ አስቀድሞ ስለሚቀነስና የስልክ ካሜራም ቀለምን በራሱ ስለሚያስተካክል በቪዲዮ መተማመን አይገባም። በቀን ብርሃን የተነሣና ሳይታመቅ የተላከ ፎቶግራፍ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የመርማሪው ዓይንና የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

የአልትራሳውንድ ክምችት

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሆስፒታል በቀን ለ20 ታካሚዎች አልትራሳውንድ ቢሠራና ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ሴኮንድ የሚቆዩ ሦስት ቪዲዮዎች ቢያስቀምጥ፣ በቀን 300 ሴኮንድ ይሆናል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 640 በ480 ፒክስል፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም ቢሆን፣ ሳይታመቅ በቀን 2.8 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በወር 25 የሥራ ቀን ቢቆጠር በዓመት 830 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አንድ ቴራባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ በ15ኛው ወር ላይ ይሞላል። ይኸው ክምችት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚፈጅ ኤች 264 ቢታመቅ በዓመት 56 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የአልትራሳውንድ ምስል በተፈጥሮው ጥቃቅን ነጠብጣብ የሞላበት በመሆኑ ከመጠን ያለፈ እመቃ ነጠብጣቡን አለስልሶ የሕብረ ሕዋሱን መልክ ይለውጣል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚያወጣው ዳይኮም የሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ከምስሉ ጋር የልኬት መረጃ ይይዛል። ወደ ተራ ኤምፒ 4 ሲቀየር ይህ መረጃ ይጠፋል፤ በኋላ የጽንሱን ጭንቅላት ወይም የልቡን ክፍል መለካት አይቻልም። ስለዚህ ልኬቱ አስቀድሞ ተሠርቶ በካርድ ላይ ይጻፍ፤ ውሳኔ የሚያስፈልጋቸው ወይም ክትትል ላይ ያሉ ሕመምተኞች ፋይል በዳይኮም መልኩ ይቀመጥ።

በጤና ተቋም ደረጃ የሚመከር አሠራር

1. የመጀመሪያው ቅጂ ሌላኛው ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አይሰረዝ።

2. እመቃ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ቅጂ ላይ ይሠራ። የታመቀን መልሶ ማመቅ የፎቶኮፒን ፎቶኮፒ እንደ ማንሣት ነው፤ በየደረጃው ይደበዝዛል።

3. ለዚህ ሥራ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሀንድብሬክ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። የጥራቱ ቁጥር አር ኤፍ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል። ለመዝናኛ የሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ከ20 እስከ 24 የሚመከር ሲሆን፣ ለሕክምና ቪዲዮ በኤች 264 ከ18 መጀመር ይሻላል። የፍሬሙ ብዛትና ሬዞሉሽኑ እንደ ምንጩ ይተው፤ ነጠብጣብ የሚያጠፋው ማጣሪያም አይከፈት።

4. ከታመቀ በኋላ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ይታዩ። ምልክቱን አስቀድሞ ያላየ ሌላ ባለሙያ ከታመቀው ቅጂ ላይ ቢቆጥር ወይም ቢመረምር ይመረጣል።

5. በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ወይም እንደ ሰነድ ይላክ። እንደ ቪዲዮ የተላከውን ፕሮግራሙ እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ እንደ ሰነድ የተላከውን ግን እንዳለ ያደርሰዋል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 130 ሜጋባይት ለመላክ 9 ደቂቃ ገደማ፣ 60 ሜጋባይት ለመላክ 4 ደቂቃ ይፈጃል። የሕመምተኛው ሁኔታ አጣዳፊ ከሆነ ግን ቪዲዮው እስኪደርስ አይጠበቅ፤ በስልክ ይነገር፤ ሕመምተኛውም ይላክ።

6. ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎና ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በደረሰ ጊዜ በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለ መረጃ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሄዳል። የእመቃ አንዱ ትልቅ ጥቅም ሁለተኛውን ቅጂ በአንዲት ትንሽ ዲስክ ለመያዝ ማስቻሉ ነው።

በተለምዶ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ቪዲዮን በዚፕ ማሰር ቦታ አይቆጥብም፤ አስቀድሞ የታመቀ በመሆኑ የሚወጣለት ድግግሞሽ የለም። የደበዘዘን ቪዲዮ ወደ ከፍተኛ ሬዞሉሽን መቀየርም የጠፋውን አይመልስም፤ ፋይሉን ብቻ ያገዝፋል። አዳዲስ ፕሮግራሞች ምስሉን «ሲያጠሩት» ደግሞ ያልነበረ ዝርዝር በግምት ይጨምራሉ። ይህም ለሠርግ ቪዲዮ ቢያምር ለምርመራ አደገኛ ነው።

የሕመምተኛው መብት

ፋይሉ ሲያንስ በቀላሉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ከመቅረጽ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። በዞናችን አብዛኛው ታካሚ አፉን የፈታው በኦሮምኛ በመሆኑ ማብራሪያው በሚገባው ቋንቋ ይሰጠው። በአልትራሳውንድ ምስል ጥግ የታተመ ስምና በቪዲዮው ድምፅ ውስጥ የሚጠራ ስምም ማንነትን እንደሚገልጹ አይዘንጋ። ሥራው ሲያበቃ ቪዲዮው ከግል ስልክ ላይ ይሰረዝ።

ማጠቃለያ

የቪዲዮ እመቃ መጣል ያለበትን የመምረጥ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የሚመርጠው ለተራ ተመልካች ዓይን ነው፤ የሕፃን ደረት፣ የልብ ቫልቭ ወይም ስትራይደር ምን እንደሆነ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነው። ስለዚህ ከመቀነሳችን በፊት የምንፈልገውን ምልክት እንለይ፣ ምልክቱ የሚታይበትን ነገር አንንካ፣ የቀረውን ያለ ሥጋት እንቀንስ። ከሁሉም በላይ ግን የታመቀው ቅጂ ተከፍቶ ምልክቱ እስኪታይበት ድረስ የመጀመሪያውን ቅጂ እንጠብቅ።